የትናንቱ ዕጣ

ሞያሌን በሁለት ነገር ማንም አያማትም፤ በእንግዳ አቀባበልና በጥርጣሬ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው አገር ለጨዋታ ይጠቅሰዋል፤ እዚህ ግን ሰው ከቤቱ ሲወጣ እንደ ጫማው ተጫምቶት ነው የሚወጣው። በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለ ከተማ ምን ያድርግ? ገንዘቡ ሁለት፣ ኔትወርኩ ሁለት፣ ቀን መቁጠሪያው ሁለት ነው። ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት እያየ ያደገ ሰው ደግሞ አንደኛው ሳይጭበረበር አይቀርም ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ታርማኩ፣ ማለትም አስፋልቱ፣ በኬንያ በኩል ከተማዋ በደረሰ ዓመት፣ የአዲሱ ገበያ ሃያ አራት ሱቆች ተሠርተው አልቀው ስልሳ አንድ ሰው ሲመዘገብ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ እንገባለን?» አልነበረም። «ዕጣውን የሚያወጣው ማነው?» ነበር።

ምክንያት ነበራቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የአትክልት መደብ ሲከፋፈል ወረቀት ተጠቅልሎ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተጨምሮ፣ በሕዝብ ፊት ተበውዞ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ መንገድ ዳር ያሉትን ሦስት መደቦች ያወጡት የያኔው ሊቀመንበር የሚስቱ እህቶች ሆኑ፤ ሦስቱም። ኋላ ላይ አንዳንዶቹ ወረቀቶች የሶዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድሩ እንደነበር፣ ለእህትማማቾቹም «ቀዝቃዛውን አንሱ» እንደተባለ ተወራ። ያረጋገጠ የለም። ግን ከዚያ ወዲህ በሞያሌ አንዱ «ዕጣ» ብሎ አፉን ከከፈተ ሌላው «የሞቀው ነው የቀዘቀዘው?» ይለዋል።

ኢክራን ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በዚያ ሳፋ ባዶ እጃቸውን ከቀሩት አንዷ እናቷ ሻሚ ነበረች። ሻሚ የግመል ወተት ትሸጣለች። ከጎዶማ በሞተር የሚመጣላትን ወተት መንገድ ዳር ይዛ መቀመጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጀሪካኑን በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ለራሷ ግን ከፀሐዩ የምትከለልበት የላትም። ኢክራን ናይሮቢ ሄዳ ኮምፒውተር የተማረችው በዚያ ወተት ነው። ተመርቃ ተመልሳ፣ ለጭነት መኪናዎች ተራ የሚይዝ የስልክ ፕሮግራም ሠርታ፣ ራሷን ችላ መኖር ከጀመረች በኋላ እንኳ አንድ ነገር ከሆዷ አልወጣላት አለ፤ እናቴን ጣሪያ ሥር ተቀምጣ ልያት የሚል። ሻሚ አሁንም ተመዝግባለች፤ ቁጥሯ አርባ ሰባት ነው።

ኢክራን የገበያው ኮሚቴ ፊት ቀርባ «ዕጣውን የሚያወጣ ፕሮግራም ልሥራላችሁ» አለች።

አዲሱ ሰብሳቢ ሐጂ ሙሐረም ድንበር እያቋረጡ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቀልዱንም ቁም ነገሩንም በአንድ ፊት የሚያወሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ሳዋ፣ እሺ ሥሪ» አሉ። «ግን ልጠይቅሽ። ኮምፒውተሩን የሚያዘው ማነው? አንቺ። የአንቺ እናት ማናት? ማማ ኢክራን። ማማ ኢክራን ተመዝግባለች? ተመዝግባለች። እንግዲህ ከሳፋው በምን ተሻለ?»

ኮሚቴው ሳቀ። ኢክራንም አብራ ሳቀች፤ ጥያቄው ትክክል መሆኑን ግን ታውቃለች።

«ልክ ነዎት ሐጂ» አለች። «ኮምፒውተር በራሱ ዕጣ አያውቅም። ዕጣ አውጣ ሲሉት የሚሠራው ሂሳብ ነው። ከአንድ መነሻ ቁጥር ይጀምርና እያባዛ፣ እየከፈለ፣ የተዘበራረቀ የሚመስል ቁጥር ይደረድራል። መነሻውን የሚያውቅ ሰው መጨረሻውንም ያውቃል። መነሻውን ደግሞ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

መስኮቱ ላይ የዘበኛው ሬዲዮ ነበር። ኢክራን አንስታ ከፈተችውና በሁለት ጣቢያ መሀል አቆመችው። ሽሽሽሽ አለ።

«ይሄ ድምፅ የማነው?»

«የማንም» አሉ ሐጂ። «ሰማዩ ነው የሚያጉረመርመው።»

«አዎ፣ ሩቅ አገር ያለ መብረቅ ሳይቀር አለበት። ቀጥሎ ምን እንደሚል የሚያውቅ ፍጡር የለም። ይህን ድምፅ ቀን ከሌት እየሰሙ ወደ ቁጥር የሚለውጡ ሰዎች ባሕር ማዶ አሉ። በኢንተርኔት ስንጠይቃቸው ይልኩልናል። የእኔ ፕሮግራም ከአንድ እስከ ስልሳ አንድ ያለውን ቁጥር በሰማዩ ድምፅ በውዛችሁ ላኩልኝ ይላቸዋል፣ በቃ። መጀመሪያ የወጣው ሱቅ አንድን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሁለትን፣ እስከ ሃያ አራት። እኔ የምነካው ነገር የለም።»

ሐጂ ሬዲዮውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡት።

«ይሄን እንኳ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያሳድረው አይገኝም» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተወሰነ።

ለሥራው የሚሆን ደህና ኢንተርኔት ያለው ከገበያው ፊት ለፊት፣ በጋሽ ዳኜ ሳይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት ቤት ነው። ጋሽ ዳኜ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ በስደት የመጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ማስተማሩን ከተዉ ቆይተዋል፤ ከተማው ግን ዛሬም «ምዋሊሙ» ይላቸዋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ቢሆኑም ሌላው ሃይማኖታቸው ቁጠባ ነው። ጠረጴዛቸው ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ስሙን «ጎተራው» ብለውታል።

ጎተራው ምን እንደሚሠራ ያልሰማ ደንበኛ የለም። «አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲከፍት ጎተራው ያስቀምጠዋል» ይላሉ ጋሽ ዳኜ። «ሌላው ያንኑ ገጽ ሲፈልግ ውጭ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? ከጎተራው ይሰጠዋል። የከፈልኩበት ኢንተርኔት፣ ባንድሉ፣ ይተርፋል።» ገጹ ራሱ «አታስቀምጡኝ፣ እለወጣለሁ» ቢል እንኳ ጎተራው እንዳይሰማው አድርገው ነው ያዘዙት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ያስቀመጠውን አይጥልም። ስለዚህ በዚያ ሳይበር ረቡዕ ቀን የሰኞን የኳስ ውጤት ማየት ያለ ነገር ነው። ሰው ሲያጉረመርም እሳቸው «ያው ኳስ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ኢክራን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ችግሩ ማወቋ ነበር፤ ከልጅነት የለመዱትን ነገር ማን መለስ ብሎ ያስበዋል? ፕሮግራሙን ቡቲዬ ሰፈር ቤቷ ሆና በስልኳ ደጋግማ ሞክራዋለች፤ ሁልጊዜም አዲስ ዝርዝር አምጥቶላታል። ከዕጣው ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ሳይበሩ መጣችና ለልምምድ አንዴ ተጫነችው። አሥራ ሁለት፣ ሃምሳ ስምንት፣ አርባ ሰባት...

«ጋሽ ዳኜ፣ እናቴ ሦስተኛ ወጣችኮ» ብላ ሳቀች።

«የልምምድ አይቆጠርም» አሉ ቀና ሳይሉ። ደግማ ልትጫን ጣቷን ስታነሳ ግን አዩ። «ኧረ ልጄ፣ ባንድሉን ለነገ ተዪልን።»

ተወችው። ቤት ስትገባ ለእናቷ «ዛሬ በልምምዱ ሱቅ ሦስት ወጥቶልሽ ነበር» አለቻት። መንገድ ዳር፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ያለው፣ ከሁሉ የተመኘችው ሱቅ ነው። ሻሚ «በልምምድ ሱቅ ወተት ይሸጣል?» ብላ ቀለደች፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ አልጠፋም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የገበያው አዳራሽ ሞላ። ስልሳ አንዱም ተመዝጋቢዎች ከነዘመዶቻቸው መጥተው ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ከሳይበሩ መንገድ አቋርጦ የመጣ ረጅም ገመድ ከኢክራን ላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። ጋሽ ዳኜ የድሮው ሥራቸው ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ ጠመኔ ይዘው ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመዋል። ሐጂ ሙሐረም ሬዲዮውን ማይክ ላይ ደግነው የሰማዩን ሹክሹክታ ለሕዝቡ አሰሙ። ሕዝቡ በጨዋ ደንብ አዳመጠ፤ አንዳንዱም አሜን አለ።

ኢክራን ተጫነች። ዝርዝሩ ወዲያው መጣ።

«ሱቅ አንድ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት።»

ጫማ ሻጩ ቦኩ ነበር። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እየጨፈረ ወጣና አንድ የሚል የቆርቆሮ ቁጥር ተቀበለ።

«ሱቅ ሁለት፣ ቁጥር ሃምሳ ስምንት።»

ይህች ደግሞ ሳሙናና ቅባት የምትሸጠው ቱሪ ናት። እልልታው ሳያበቃ ኢክራን ትናንት ያየችው ዝርዝር ትዝ አላት። ሦስተኛውን ሳታየው አወቀችው። ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች፤ አርባ ሰባት።

አነበበችው። አዳራሹ «ማማ ኢክራን» እያለ አጨበጨበ፤ አሥራ አንድ ዓመት ወተቷን የጠጣ ሁሉ ደስ ብሎታል። ሻሚ በሰው መሀል እየተጋፋች መጥታ ቆርቆሮዋን ተቀበለች። ከልጇ አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «ትናንት ያልሽኝ ነው» አለቻት፣ በዝግታ። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ኢክራን ማንበብ አልቻለችም።

ማንበቧን ቀጠለች። በአንድ እጇ ትናንት ያስቀመጠችውን የልምምድ ፋይል ከፍታ አስተያየችው። አራተኛውም ያው፣ አሥረኛውም ያው፣ ስልሳ አንዱም ያው። ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። ወለሉን አልፎ፣ በሩን አልፎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሳይበሩ ውስጥ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ፕሮግራሟ ሰማዩን ቁጥር ስጠኝ ብሎ ነበር፤ የመለሰለት ግን ጎተራው ነው፣ የትናንቱን።

ከእናቷ በቀር ልብ ያለ የለም። ጋሽ ዳኜ ትናንት ስክሪኑን አላዩም፤ የነገረቻቸውንም ረስተውታል። ደግሞስ ማን ተበደለ? ቁጥሩ የሰማዩ ነው። ምዝገባው ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል። አንድም የሰው እጅ አልነካውም። እናቷ ከፊቷ ቆማ ቆርቆሮዋን በሻርፗ ጫፍ ትወለውላለች። ዝም ማለት እንደዚያን ቀን ቀሎ አያውቅም።

ሃያኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ማይኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ይሄ ዕጣ የዛሬ አይደለም። የትናንት ነው።»

ጉድ ፈላ። ኢክራን ነገሩን ከሥር ጀምራ አስረዳች፤ ጎተራው ትናንት የመጣውን ዝርዝር እንደያዘ፣ ዛሬ ሲጠየቅ ያንኑ መልሶ እንደሰጠ። ስለ ሰማይ ድምፅ ያልገባው ሁሉ ይህ ወዲያው ገባው። «ሰኞን ረቡዕ የሚያሳየን ጎተራ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ግማሹ አዳራሽ ሳቀ። ግማሹ ግን አልሳቀም። ቦኩ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ «እኔ ወጥቶልኛል፣ አልመልስም» አለ።

ጋሽ ዳኜ ፊታቸው ቀልቷል። ጠመኔያቸውን ከፍ አደረጉ።

«በሂሳብ እንነጋገር» አሉ። «ቁጥሩን ማንም አልፈበረከውም። ከሰማይ የመጣ እውነተኛ ቁጥር ነው። ትናንት የተጣለ እንቁላል ዛሬም እንቁላል ነው።»

ሐጂ ወደ ኢክራን ዞሩ። «ምዋሊሙ እውነት አላቸው?»

«አላቸው» አለች ኢክራን። «ቁጥሩ እውነተኛ ነው። ግን ዕጣ ማለት ከመውጣቱ በፊት ማንም ያላየው ነው። ይሄን ያየው ሰው አለ።»

«ማነው ያየው?»

«እኔ አይቼዋለሁ። እናቴም ታውቃለች። ነግሬያታለሁ።»

ሦስት መቶ ራስ ወደ ሻሚ ዞረ። ኢክራን መሬት ተሰንጥቆ በዋጣት ደስ ባላት፤ እናቷን በሕዝብ ፊት እንደዚህ ታቆማታለች ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም። ሻሚ ቆርቆሮውን እንደያዘች ነው።

«አዎ፣ ነግራኛለች» አለች። «የልምምድ ነው አለችኝ፣ እኔም የልምምድ ነው አልኩ። ልቤ ግን አመነው መሰለኝ ሌሊቱን ደህና አድርጌ ተኛሁ። ቦኩ፣ አንተ ተኝተሃል?»

«የት ተኛሁ» አለ ቦኩ።

«ቱሪ፣ አንቺስ?»

«ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።»

«እኔ ተኝቻለሁ» አለች ሻሚ። «ስልሳ ሰው ሲገላበጥ አድሮ አንዷ የምትተኛበት ዕጣ፣ ዕጣ ነው ብዬ እንዴት እላለሁ?» ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቱሪም መጥታ ከጎኑ አስቀመጠች። ቦኩ ግራ ቀኝ አየ፣ ተነፈሰ፣ «ቶሌ፣ ይሁን» ብሎ የእሱን ጨመረ፤ የቀሩትም ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ ሐጂ ሙሐረም ጎተራው ከነገመዱ ወጥቶ ሕዝብ ፊት እንዲቀመጥ አዘዙ። ጋሽ ዳኜ ለሌላ ሰው አላስነኩትም፤ እንደታመመ በግ አቅፈው አምጥተው የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡት። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ጉሮሯቸውን አጽድተው «የዛሬው ባንድል በእኔ ይሁን» አሉ። በሞያሌ ዛሬም ድረስ ከዕጣው ይልቅ የሚወራው ይህ ቃል ነው።

ኢክራን ላፕቶፑን ከስልኳ ጋር አገናኘች። ስልኩ መጀመሪያ የኢትዮጵያውን ኔትወርክ ያዘ፣ ተወው፣ የኬንያውን ያዘ። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ ተምራለች። «አሁን አራት ጊዜ አወጣለሁ» አለች። «ሦስቱ ለማየት ነው፤ አራተኛው ነው የሚቆጠረው።» ሦስት ጊዜ አወጣች፤ ጋሽ ዳኜ የየአንዳንዱን መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሦስቱም ለየቅል ናቸው። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። አራተኛውን ተጫነች።

ቱሪ ስምንተኛ ወጣች። ቦኩ ከመንገድ ዳር ተነስቶ ሽንት ቤቱ አጠገብ ሱቅ አሥራ ዘጠኝ ደረሰው፤ «እዚያም ሰው ጫማ ያደርጋል» ብሎ ራሱን አጽናና። ኢክራን ከአሥራ ዘጠኝ በኋላ ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ አራተኛውን ስታነብ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነበር። አርባ ሰባት አልወጣም። ዝርዝሩን እስከ ታች ሄዳ አየችው፤ እናቷ ሃምሳ ሁለተኛ ናት።

በዚያ ገበያ አንድ ልማድ አለ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ያልወጣላቸው በየተራ «ተቀብለሃል? ተቀብለሻል?» ተብለው ይጠየቃሉ። አንዱ «አልተቀበልኩም» ካለ ነገሩ አይዘጋም። በሳፋው ጊዜ ይህ ጥያቄ ጀምበር እስክትጠልቅ አነታርኮ ያለ መልስ ነው የተበተነው። ሐጂ ሙሐረም ሠላሳ ሰባቱን ሰዎች ተራ በተራ ተመለከቱና ከሻሚ ጀመሩ።

«ማማ ኢክራን፣ ተቀብለሻል?»

ኢክራን እናቷን ማየት አቅቷት ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠች።

«ተቀብያለሁ» አለች ሻሚ።

ከአጠገቧ የነበረው አዳኖ ነው፤ በሕይወቱ ሙሉ አንድም ነገር ሳይከራከር ተቀብሎ የማያውቅ የፍየል ነጋዴ። አፉን ከፈተ። ሻሚን አየ። ዘጋው። «እሷ ከተቀበለች እኔ ምን እላለሁ» አለ። «ተቀብያለሁ።» ከዚያ ሦስተኛው ተቀብያለሁ አለ፣ አራተኛዋም፣ አሥረኛውም። ሠላሳ ሰባተኛው ተቀብያለሁ ሲል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። ሐጂ ሙሐረም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠራረጉና አቧራ ነው አሉ።

እናትና ልጅ ወደ ቡቲዬ በእግር አቀኑ። ኢክራን መቶ እርምጃ ያህል ሳትጠይቅ ታገሠችና አልቻለችም።

«እማ፣ ተቀየምሽኝ?»

«አሞኛል» አለች ሻሚ። «አላመመኝም ብዬ አልዋሽሽም። ያቺን ሱቅ በጣም ነበር የምፈልጋት።»

ጥቂት ሄዱ። አንድ ሞተር አቧራ አልብሷቸው አለፈ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አትንገሪ» አለች ሻሚ። «ቆርቆሮዋን ስቀበል ነገሩ ገብቶኝ ነበር። የሚነበብ ፊት ነው ያለሽ። ዝም ትላለች ብዬ ደስ አለኝ። አንቺ ባትናገሪ እኔ አልናገርም ነበር።»

ኢክራን ቆመች። ሻሚም ቆመች፤ የልጇን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። መዳፏ ሸካራና ትኩስ ነበር።

«እንኳን ቀደምሽኝ» አለች። «ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁ? የተናገርሽው ግማሹ የእኔ ነው።»

ኢክራን እያለቀሰች ሳቀች፣ ወይም እየሳቀች አለቀሰች፤ የቱ እንደቀደመ ራሷም አታውቅም። እንባዋን ጠርጋ «ነይ፣ ጥላ ልግዛልሽ፣ ትልቁን» አለች።

«እስካሁን ያልገዛሁት፣ ሱቅ ይደርሰኛል እያልኩ ነው» አለች ሻሚ። «አሁን ግን ግዢልኝ።»

ወደ ገበያው ተመለሱ። ባለሱቁ የቀሩትን ሁለት ትልልቅ ጥላዎች ዘረጋላቸው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ኢክራን ሰማያዊው ይሻላል አለች። ሻሚ ሁለቱም ሥር ተራ በተራ ገብታ ቆመች፣ ቀና ብላ አየች፣ እጇን ዘርግታ ጥላው እስከ የት እንደሚደርስ ለካች። ቀዩን መረጠች። ኢክራን ጥላውን ተሸከመችና ወተት መሸጫው ቦታ ላይ ሊተክሉት ሄዱ።